በማጀት ያለችው ማን ናት?

(በዘንድሮው የሴቶች ቀን፣ የካቲት 29፣ መካነ ሰላም ላይ በተደረገው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



እኔን የምታውቁኝ በሒሳብ ነው። በየሩብ ዓመቱ እዚህ ቆሜ ገቢ ይህን ያህል፣ ወጪ ይህን ያህል፣ ያልተመለሰ ብድር ይህን ያህል እያልኩ አነባለሁ፤ ከኋላ ያላችሁት ደግሞ ታዛጋላችሁ። ዛሬ ግን ሊቀ መንበራችን «በሴቶች ቀን ሪፖርት አይነበብም፤ መጽሐፍም ፊልምም ትወጃለሽና ስለ ሴትና ስለ ነጻነት አንድ ነገር ንገሪን» አሉኝ። እሺ አልኩ፤ ከዚያ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። መምህር አይደለሁም፤ የታሪክ ሰውም አይደለሁም። ያለኝ የሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ነው።

በመጨረሻ ከሙያዬ አንዲት ጥያቄ ይዤ መጣሁ። የሒሳብ ሠራተኛ አንድ ሰነድ እጇ ሲገባ ከገንዘቡ መጠን በፊት የምታየው ነገር አለ። «ይህ በማን ስም ነው?» ትላለች። ስም የሌለው ደረሰኝ ደረሰኝ አይደለም። ስለ ባርነትና ስለ አርነት ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህች ጥያቄ አይወጣም።

የአያቴ ወፍጮ

ከአያቴ ቤት ጓሮ አንድ አሮጌ የድንጋይ ወፍጮ ተጥሎ ይገኛል። ከመፈጨቱ ብዛት መሐሉ ጎድጉዶ ልጅ ሳለን ዶሮዎቹ ውኃ ይጠጡበት ነበር። አንድ ቀን አያቴን «እምዬ፣ ይህን ሁሉ የፈጨሽው አንቺ ነሽ?» አልኳት።

«እኔ አይደለሁም» አለችኝ። «እናቴም አይደለችም። የእናቴ ገረድ ናት።»

«ከየት መጥታ?»

«ከአባይ ማዶ ይሏት ነበር።»

«ስሟስ?»

አያቴ ዝም አለች። ቆየችና «እኛ ያወጣንላት ስም ነበራት። የራሷን አላውቀውም» አለች። የወጣላትን ስምም አልነገረችኝም፤ ለልጅ የሚነገር ዓይነት ስም አልነበረም መሰለኝ።

የእኛ ቤት ሰው ዘር መቁጠር ይወዳል። አጎቴ ሰባት ቤት ሳይደናቀፍ ይቆጥራል፤ ማን ከማን እንደተጋባ፣ የትኛው መሬት በማን በኩል እንደመጣ ሁሉን ያውቃል። ያንን ድንጋይ በእጇ ያጎደጎደችው ሴት ግን በቆጠራው ውስጥ የለችም። የቤቱን ሰው ሁሉ ያበላች እሷ ናት፤ ስሟ ግን የለም።

ካደግሁ በኋላ እንደገና ጠየቅሁ። «አዋጁ ወጥቶ ነጻ ናችሁ ሲባሉ የት ሄደች?» አልኳት። አያቴ በጥያቄዬ ተገርማ «የት ትሄዳለች? እዚያው ነበረች፤ እዚያው ሞተች» አለች።

«ነጻ ነሽ» ከሚለው ቃል እስከ መንገዱ ድረስ ምን ያህል ርቀት አለ? አገር የሌላት፣ ገንዘብ የሌላት፣ በስሟ የሚጠራት ዘመድ የሌላት ሴት በየትኛው በር ትውጣ? ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስለ ባርነት የሚያወራ ነገር ባየሁ ቁጥር ያ ወፍጮ ነው ፊቴ የሚመጣው።

ሳንኮፋ

ብዙዎቻችን ስለ ባርነት ስንሰማ የሚታየን አሜሪካ ነው፤ መርከብ፣ ሰንሰለት፣ የጥጥ እርሻ። እኔም ኮሌጅ ሳለሁ የጎንደሩ ተወላጅ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 የሠራውን «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልም በጓደኛዬ ኮምፒዩተር ሳይ የሌላ አገር ታሪክ የማይ መስሎኝ ነበር። «ሳንኮፋ» በጋና የአካን ሕዝብ ቃል ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሰህ የተውከውን አንሣ እንደማለት ነው።

ታሪኩ ሞና በምትባል በአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ይጀምራል። ሞዴል ናት። በጋና የባሕር ዳርቻ፣ በድሮ ጊዜ ባሮች ወደ መርከብ እስኪጫኑ ይታጎሩበት በነበረው ምሽግ ፎቶ ልትነሣ ትመጣለች። ከታች ወዳለው ጨለማ ክፍል ስትገባ በሰንሰለት የታሰሩትን ሰዎች ታገኛቸዋለች። ወጥታ ለመሮጥ ትሞክራለች፤ እኔ አሜሪካዊት ነኝ፣ አፍሪካዊት አይደለሁም እያለች ትጮኻለች፤ የሚሰማት የለም። ልብሷን ገፈው በጋለ ብረት ይተኩሷታል። ከዚያ በኋላ ስሟ ሾላ ነው። በስኳር አገዳ እርሻ ላይ የጌታው የቤት ገረድ ሆና እናገኛታለን።

እኔን የነካኝ ግርፋቱ ብቻ አይደለም። ሾላ የምትሠራው ከሜዳው ሳይሆን ከቤት ውስጥ ነው፤ ሜዳ ላይ የሚሠሩት ሲያምፁ እሷ ትፈራለች። ከጌታው ማዕድ የተረፈው ይደርሳታል፤ ሌሊት ግን ጌታው ክብሯን የሚደፍራት እሷን ነው። ደግሞ ኑኑ የምትባል ሴት አለች። ከአፍሪካ ተይዛ የመጣች ናት፤ የአገሯን ነገር አልረሳችም፤ ሌሊት ሌሊት ሌሎቹን ትሰበስባለች። የገዛ ልጇ ግን በባሮች ላይ የተሾመ አለቃ ነው፤ እናቱንም ይንቃል። በዚያ እርሻ ላይ ባሪያን የሚገርፈው ነጩ ብቻ አይደለም፤ በባሪያ ላይ የተሾመ ባሪያም ይገርፋል።

ፊልሙ ሲያልቅ ጓደኛዬ «እንዴት ያሉ ጨካኞች ናቸው!» አለች። እኔ ግን ሳላስበው «አያቴ ቤትም ነበረች» አልኩ። ጓደኛዬ አልገባትም። እኔም ያን ቀን ገብቶኛል ለማለት አልደፍርም።

በእኛ በኩል የነበረው

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ከእኛ ደጋ ወርዳችሁ አባይ በረሃ ስትደርሱ ማዶ ያለው ጎጃም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጎጃም ባሶ የሚባል ትልቅ ገበያ ነበር። ከእናርያ፣ ከጅማና ከሌላውም ከአባይ ደቡብ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድ ይዞ ይመጣል፤ ከዕቃው ጋር ሰው ይነዳል። ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ወደ መተማ፣ ወደ ምጽዋ ይወስዷቸው ነበር። በሸዋ በኩል ደግሞ አልዩ አምባ አጠገብ ገበያ ነበር፤ ከዚያ መንገዱ ወደ ታጁራ ይወርዳል። ወደ ባሕር ማዶ ከሚሸጡት ውስጥ እጅግ ብዙዎቹ ልጃገረዶችና ሕፃናት ነበሩ።

ሁሉም ግን ወደ ባሕር አልወረዱም። ብዙዎቹ እዚሁ ቀርተዋል፤ በመኳንንቱ ቤት፣ ኑሮ በሞላለት ባላገር ቤት። ወንዱ እንጨት ይፈልጣል፣ ከብት ይጠብቃል፣ በቅሎ ይስባል። ሴቷ ከምንጭ እንስራ ትሸከማለች፣ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ጌታው ሲፈልግ ደግሞ ትጠራለች። የወለደችውም ልጅ «ውላጅ» ወይም «የቤት ውልድ» ይባላል እንጂ በወንድሞቹ መካከል አይቆጠርም።

አንድ ነገር በድፍረት ልናገርና ብትቆጡኝም ልቻለው። የገረዲቱ አዛዥ ጌታው ሳይሆን እመቤቲቱ ነበረች። አንዲት ሴት ከወፍጮ ተነሥታ ፈትል መፍተል፣ እንግዳ መቀበል፣ መጸለይ የቻለችው ሌላዋን ሴት ከወፍጮው ሥር አስቀምጣ ነው። እኛ ወሎዬዎች በንግሥት ወርቂት እንኮራለን፤ ልንኮራም ይገባል። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጥ አሳልፈው የላኩት እሳቸው ናቸው፤ ቴዎድሮስም የእሳቸውን ልጅ በቁጣ አስገድለዋል። ጦር ያዘዙ፣ ከንጉሥ ጋር የተገዳደሩ ሴት ናቸው። ነገር ግን ታሪካቸውን ባነበብሁ ቁጥር በጓዳቸው ውኃ የቀዳችው ማን ነበረች እላለሁ። የአንዲት ሴት መንገሥ ለሌላዋ ሴት አርነት አይሆንም።

ሕጉም ዘግይቶ ነው የመጣ። ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ምኒልክም የባሪያ ንግድ ይቅር ብለው ነበር፤ ንግዱ ግን አልቆመም። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባርነት ነገር ትልቁ ክርክር ነበር። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር፣ በዙፋን ላይ ንግሥት ዘውዲቱ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሳሉ፣ አዋጅ ወጣ። ሰው መሸጥ መለወጥን በብርቱ ቅጣት ከለከለ፤ በባርነት ላይ ያለውን ሰው ግን በአንድ ቀን ነጻ አላወጣም፤ ቀስ በቀስ ይሁን አለ። ባርነት በሕግ ፊት ፈጽሞ የቀረው ከጣልያን ወረራ በኋላ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ይህ የተረት ዘመን አይደለም። ዛሬ ከመካከላችሁ የተቀመጡት ትልልቅ እናቶች ያን ዘመን ያዩ ሰዎች ያሳደጓቸው ናቸው።

ስማቸውን ያስመለሱ

ሁሉ ነገር ግን ጨለማ አይደለም። ሁለት ሴቶችን ላስተዋውቃችሁ፤ ከዚህ ስትወጡ ሌላው ቢረሳችሁ እነሱን አስታውሱልኝ።

አንደኛዋ አስቴር ጋኖ ናት። ኦሮሞ ናት፤ በሊሙ እናርያ በኩል በልጅነቷ ባሪያ ተደርጋ ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 የጣልያን መርከብ በባሕር ላይ አገኛቸውና ነጻ አወጣቸው። ዕድሜዋ 14 ዓመት ገደማ ነበር። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ አናሲሞስ ነሲብ ነበር፤ እሱም በልጅነቱ ተሸጦ ነጻ የወጣ ሰው ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይተረጉም ነበር። ነገር ግን ከአገሩ ገና ልጅ ሳለ ስለወጣ ቃላት ያጥረው ነበር። አስቴር የእናቶቿን ቋንቋ አልረሳችም። ተቀምጣ ቃል መሰብሰብ ጀመረች፤ 15,000 ያህል ቃላት መዘገበች። ከዚህ ሌላ 500 ያህል ዘፈን፣ ተረትና ምሳሌ ጻፈች። እ.ኤ.አ. በ1894 ከአናሲሞስ ጋር የማንበቢያ መጽሐፍ አወጡ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። በ1904 ወደ ነቀምቴ ተመልሳ ሕፃናት አስተማረች፤ እስከ 1964 ኖረች።

እኔ የመዝገብ ሰው ነኝና ይህ ነገር ያስደንቀኛል። ስሟ በነጋዴ ዕቃ መካከል የነበረች ልጅ ብዕር ይዛ ራሷ መዝጋቢ ሆነች። ሸቀጥ ነሽ ያሏት ሴት የአንድ ሕዝብን ቃል በመዝገብ አስቀመጠች።

ሁለተኛዋ ቢሾ ጃርሳ ናት። እ.ኤ.አ. በ1888 የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር በኩል የሚያልፉ ጀልባዎችን ይዞ ከ200 በላይ የኦሮሞ ሕፃናትን አስለቀቀ። ወደ ኤደን ወሰዷቸው፤ የኤደን ሙቀትና በሽታ ብዙዎቹን ጎዳ። በ1890 ከእነዚህ ልጆች 64ቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደሚባል ትምህርት ቤት ተላኩ፤ 22ቱ ሴቶች ነበሩ። መምህራኑ እያንዳንዱን ልጅ አስቀምጠው ስምህ ማነው፣ ስምሽ ማነው፣ አባትሽ ማን ነበሩ፣ እንዴት ተያዝሽ፣ በየት በየት አለፍሽ ብለው ጠይቀው ጻፉ። ዛሬ የእነሱን ታሪክ የምናውቀው በዚያ ጽሑፍ ነው።

ቢሾን ለቤት ሠራተኛነት ነበር ያሠለጠኗት። እሷ ግን ከኦሮሞ ልጃገረዶቹ መካከል መምህርት ለመሆን ከበቁት ሁለቱ አንዷ ሆነች። ልጇም መምህርት ሆነች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር በአፓርታይድ ዘመን ከነማንዴላ ጋር በሮቢን ደሴት ዐሥር ዓመት ታሰረ፤ ከእስር ወጥቶም ዕድሜውን በትምህርትና በቋንቋ ሥራ ላይ አሳለፈ። ከአገራችን ማጀት ወይም ከዐረብ ማጀት ልትገባ የነበረች ልጅ፣ ሰው ስሟን ጠይቆ ስለጻፈና ፊደል ስለቆጠረች ብቻ፣ ስንት ነገር አፈራች! የአያቴን ቤት ገረድ ማን ጠየቃት?

ከመጽሐፍና ከሲኒማ

በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፤ ብዙዎቻችሁ «ጦቢያ» ብላችሁ ታውቁታላችሁ። ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከረው በምርኮና በባርነት ላይ ነው። አባት ይማረካል፣ ይሸጣል፤ ቸር ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስለቅቀዋል፤ ልጁ ዋሕድ ውለታውን ሊመልስ ሲወጣ እሱ ራሱ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። እህቱ ጦቢያ ልትፈልገው ከአባቷ ጋር ትነሣለች፤ መንገድ ለመሄድ ግን የወንድ ልብስ መልበስ አለባት። አስቡት፤ በቋንቋችን የተጻፈው የመጀመሪያው ልብ ወለድ ሲከፈት ያለው ጥያቄ ይኸው ነው። ሴት ልጅ የታሰረ ወንድሟን ለማስፈታት እንኳ ሴትነቷን ደብቃ ነው የምትወጣው።

«ድፍረት» የሚለውን ፊልምም አይታችሁት ይሆናል። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ሂሩት የተባለች የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፤ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን በጠመንጃ ትገድላለች፤ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቆች ይቆሙላታል። ያኔ ይሠራበት በነበረው በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ያገባት እንደሆነ ከቅጣት ይድን ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ነው ይህን ቀዳዳ የደፈነው።

የፊልሙን ስም ልብ በሉልኝ። ድፍረት ማለት ጀግንነት ነው፤ ደግሞ ሴት «ተደፈረች» የምንለውም ከዚሁ ቃል ነው። በአንድ ቃል የወንዱ በደልም የልጅቱ ጉብዝናም አለ። መጠለፍ ባርነት ነው አልልም፤ መንገዱ ግን ይመሳሰላል። አንዲትን ልጅ ከመንገድ ላይ አንሥተው ይወስዷታል፤ ከዚያ በኋላ ሰውነቷም ሥራዋም ስሟም የወሰዳት ሰው ይሆናል።

ዛሬስ?

አሁን ወደ እኛ ዘመን ደረስን። ከዚህ አዳራሽ ልጅ፣ እህት፣ የእህት ልጅ ዐረብ አገር የሌላት ካለች እጇን ታውጣ። አየሽ? ማንም የለም።

ሳዑዲ ዐረቢያ ባርነትን በሕግ ያስቀረችው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ እኛ በ1942 ካስቀረን ከ20 ዓመት በኋላ። ዛሬ ልጆቻችን የሚሄዱት በደመወዝ ነው፤ አይሸጡም። ስለዚህ ባሪያ ናቸው ማለት አይገባም፤ ሠርተው ቤት የሠሩ፣ ወንድም ያስተማሩ፣ እናት ያሳከሙ ጀግኖች አሉ፤ እነሱን ማሳነስ ይሆናል። ነገር ግን «ከፋላ» በሚባለው ሥርዓት ሠራተኛዋ በአሠሪዋ ስም ነው የምትኖረው። ያለ እሱ ፈቃድ ቤት መቀየር ይቸግራታል፤ ፓስፖርቷን ብዙ ጊዜ እመቤቲቱ ትይዘዋለች። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ሲመለሱ አንዳንዶቹ በፌስታል ልብስ ብቻ ይዘው መጡ። ከእነሱ አንዷ በማኅበራችን አባል ናት፤ ስሟን አልጠራም። ስድስት ዓመት ሠርታ ብሯን ሁሉ በወንድሟ ስም ትልክ ነበር። ስትመለስ ቤቱም መሬቱም በወንድሟ ስም ነበር። «አብሽሪ» አልናት፤ ሌላ ምን እንላለን? ደብተሩ የእሷ አይደለም።

እስካሁን የሌላ ሰው በደል ነገርኳችሁ። አሁን የራሴን ልንገራችሁ፤ ይህን ለመናገር ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ከገጠር አንዲት ልጅ አመጡልኝ። 15 ዓመቷ ነው አሉኝ። ትጋግራለች፣ ውኃ ታመጣለች፣ ልጄን ታዝላለች። በወር 600 ብር ተስማማን፤ የተስማማነው ግን ከአጎቷ ጋር ነው። አጎቷ በየወሩ በገበያ ቀን ይመጣል፤ 600 ብሩን ቆጥሬ እሰጠዋለሁ፤ ይፈርማል። ደረሰኝ ያዝኩ፤ የሒሳብ ሠራተኛ አይደለሁ! ቤት ውስጥ «ልጅቷ» እንላታለን። «ልጅቷን ጥሪያት፣ ልጅቷ ታምጣው።» 26 ወር ተቀመጠች።

አንድ ማታ እኔ የማኅበሩን ሒሳብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስሠራ መጥታ አጠገቤ ቆመች። «እትዬ፣ የእኔስ ስንት ደረሰ?» አለችኝ።

26 ሲባዛ በ600፤ 15,600 ብር። በጭንቅላቴ ወዲያው ሠራሁት። ከዚያ ውስጥ የእሷ ስንት እንደሆነ ስጠየቅ ግን መልስ አልነበረኝም። ዜሮ ነው። የ142 ሴቶችን ደብተር ያለ አንድ ሳንቲም ስሕተት የምይዝ ሴት፣ በገዛ ማጀቴ ላለችው ልጅ አንድ ገጽ አልከፈትኩላትም። አያቴን «ስሟስ?» ብዬ የጠየቅሁት እኔ፣ ልጅቷን በስሟ አልጠራኋትም። ያ ወፍጮ ከአያቴ ጓሮ ተነሥቶ ቤቴ የገባ መሰለኝ።

በሙያችን አንድ ደንብ አለ። ለማይገባው ሰው የተከፈለ ክፍያ እንዳልተከፈለ ይቆጠራል። ስለዚህ 15,600 ብሩ ዕዳዬ ነው። ሳልነግራት አላለፍኩም፤ እንዳጠፋሁ ነገርኳት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ ስትል በእጄ የነበረውን 1,500 ብር ሰጠኋት፤ ቀሪውን እልካለሁ አልኳት። ስልኳ ለጥቂት ወራት ሠራ፤ ከዚያ ዘጋ። ዐረብ አገር ሄደች የሚሉ አሉ። በየወሩ 300 ብር እየለየሁ አስቀምጬ እስካሁን 9,000 ብር ደርሷል፤ 5,100 ብር ይቀረኛል። ገንዘቡ አለ፤ ባለቤቷን ግን አላገኘኋትም። ያ ሒሳብ አልተዘጋም፤ ልጅቷ ካልተገኘች አይዘጋም።

ይህ የእኔ ብቻ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ለንስሓ አባቴ ነግሬ እተወው ነበር። ነገር ግን ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ቤት እንዲህ ያለች ልጅ አለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ የቤት ሠራተኛን አያካትትም። ስለዚህ ሕጉ በሩ ላይ ቆሟል፤ ወደ ማጀት የምንገባው እኛ ነን።

የማቀርበው ሐሳብ

ዕዳ ያለበት ሰው የክፍያ ዕቅድ ያቀርባል። እኔም አራት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የቤት ሠራተኛ ያላት አባል ሁሉ ደመወዟን ለልጅቱ በእጇ ትስጥ፣ ወይም በማኅበራችን በልጅቱ ስም ደብተር ታስከፍትላት። ዕድሜዋ ለአባልነት ካልደረሰ የልጆች ቁጠባ ደብተር እናዘጋጅ። አጎት፣ ወንድም፣ ደላላ አይፈርምም። ደብተሩን የምትይዘው እሷ ናት።

ሁለተኛ፣ ልጅቱ የማታም ቢሆን ትማር። ቢሾ ጃርሳን አስቡ።

ሦስተኛ፣ ወደ ዐረብ አገር የምትሄድ ልጅ ካለች፣ ከመሄዷ በፊት በስሟ ደብተር ሳትከፍት አትሂድ። ለቤተሰብ መርዳት ሌላ ነው፤ የእሷ ድርሻ ግን በእሷ ስም ይቀመጥ። በክልላችን የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ላይ ከባልየው ስም አጠገብ የሚስት ስም ከተጻፈ ጀምሮ ምን እንደተለወጠ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ስሟ ያለበትን መሬት ባሏ ብቻውን እንደ ድሮው አያከራይም። ለሚስት የጠቀመ ነገር ለልጅና ለሠራተኛ አይጠቅምም?

አራተኛው የሚከብደው ነው። ባለፈው ዓመት ገንዘብ ያዥ ስንመርጥ የአንዲት ጎበዝ አባል ስም ተጠራ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «እሷማ ዘሯ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ሁላችንም የቀረውን ቃል አውቀነዋል። ያቺ አባል አልተመረጠችም። ምርጫው የሞራል ጉዳይ ነው እንዳትሉኝ፣ የሒሳብ ጉዳይም ነው፤ የእሷ ደብተር ከማኅበሩ ደብተሮች ሁሉ ንጹሕ ነው። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በሕግ ከቀረ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል። በእኛ ሹክሹክታ ግን ዛሬም አዋጁ አልተነበበም። በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ «የአባልን ዘር አንሥቶ መናገር ከስብሰባ ያስወጣል» የሚል አንቀጽ እንዲገባ እጠይቃለሁ።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል። ሁልጊዜ ስልጠና ስጡን፣ ወንበር ግዙልን እንላችኋለን። ዘንድሮ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው፤ የልጆች የቁጠባ ደብተር ማሳተሚያና አንድ ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን። ደረሰኙን አቀርባለሁ፤ ታውቁኛላችሁ።

የአያቴ ወፍጮ አሁንም ከጓሮው አለ። ባለፈው ፋሲካ ስሄድ አጎቴን «ሰባቱን ቤት ስትቆጥር ከእንግዲህ ለዚህች ሴት አንድ ቦታ ተውላት» አልኩት። «ስሟን ሳላውቅ ምን ብዬ ልቁጠራት?» አለኝ። ልክ ነው፤ ለእሷ ዘግይተናል። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ማጀት ያለችውን ልጅ ግን ስሟንም የአባቷንም ስም ጠይቋት፤ ነገም በቢሮ ሰዓት ይዛችኋት ኑ። እኔ ደብተሩን አዘጋጅቼ እጠብቃችኋለሁ።